ሾርባው ከምን ተሠራ?

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በረመዷን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። የዝሁር አዛን ገና አልተባለም፤ መስጊዱ ጥግ ቁርኣኔን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከወዲያኛው ጫፍ የሳህን መጋጨት፣ የሚፈላ ውሃ ድምፅና በማላውቀው ቋንቋ የሚጣራ ሰው ይሰማኛል። ከዚያ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ አፈጠርኩ» አለኝ። ቶክዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም እኛ ጾሙን ስናጋምስ እነሱ ይጨርሱታል።

«በምን አፈጠርክ?»

«በተምርና በውሃ።»

«ሾርባስ?»

ሳቀ። «ሾርባማ ፊት ለፊቴ በበርሜል እየፈላ ነው። አንድ ማንኪያ ግን አልቀምሰውም።»

«ለምን?»

«የአሳማ አጥንት ነው፣ አጎቴ። የምሠራው ራመን ቤት ነው።»

የመለስኩለት ወዲያው ነው። «ተው! ዛሬውኑ ውጣ!» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ያልኩት ነገር በሸሪዓ ሚዛን ስህተት አልነበረም፤ አሳማ አብስሎ መሸጥ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ ዑለሞቻችን በግልጽ አስተምረዋል። ስህተቴ ሌላ ቦታ ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልደወለልኝም። ዒድ እንኳ ያለ እሱ ድምፅ አለፈ። ልጃቸው ባሕር ማዶ ያለ ቤተሰቦች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ላጫውታችሁ።

ራመን ምንድን ነው?

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ራመን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን የማውቀውን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው።

ልጆቻችን «ኢንዶሚ» እያሉ በደቂቃዎች ቀቅለው የሚበሉትን ታውቃላችሁ። የዚያ ዓይነቱ ፈጣን ምግብ የተወለደው ከራመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሞፉኩ አንዶ የተባለ ሰው ኑድሉን በዘይት ጠብሶ በማድረቅ፣ የፈላ ውሃ ብቻ ተጨምሮበት እንዲበላ አደረገ። በ1971 ደግሞ በኩባያ አሽጎ አወጣው። እውነተኛው ራመን ግን በደቂቃዎች የሚደርስ ነገር አይደለም።

መነሻው ቻይና ነው። ዮኮሃማ ወደብ ላይ የሰፈሩ ቻይናውያን የስንዴ ኑድል በሾርባ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ ጃፓናዊ ቻይናውያን አብሳዮችን ከዮኮሃማ አምጥቶ፣ አሳኩሳ በሚባለው የቶክዮ ሰፈር ራይራይኬን የተባለ ቤት ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩዝ ሲጠፋ፣ ከአሜሪካ የገባው ስንዴ ራመንን የደኸየው ሕዝብ ማጥገቢያ አደረገው። ዛሬም የሠራተኛው ምግብ ነው። የአንድ ሳህን ዋጋ ከ1000 የን እንዳያልፍ ባለቤቶቹ ብዙ ዘመን ተጨንቀዋል፤ «የ1000 የን ግድግዳ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

አንድ ሳህን ራመን አምስት ነገር አለው። መጀመሪያ ለሰዓታት የፈላው ሾርባ። ሁለተኛ «ታሬ» የሚሉት፣ ከሳህኑ ሥር የሚጨመር ጨዋማ ማጣፈጫ፤ ይህ ከጨው፣ ከአኩሪ አተር ስጎ ወይም «ሚሶ» ከተባለ የአኩሪ አተር ብልቃት ይሠራል። ሦስተኛ ኑድሉ፤ «ካንሱይ» በተባለ ማዕድናማ ውሃ ስለሚቦካ ቢጫና የሚለጠጥ ይሆናል። አራተኛ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት። አምስተኛ ላዩ ላይ የሚደረደረው፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የባሕር አረም።

እያንዳንዱ አገርም የራሱ አለው። በሰሜን ሳፖሮ በሚሶ ትታወቃለች። በደቡብ፣ በኪዩሹ ደሴት ሐካታ፣ የአሳማ አጥንት ነጭ እስኪሆን በኃይለኛ እሳት ይቀቀላል፤ «ቶንኮትሱ» ይሉታል። የጥንቱ የቶክዮ ራመን ደግሞ በአኩሪ አተር ስጎ የጠቆረ ቀጭን ሾርባ ነው። ዛሬ ግን የሁሉም ዓይነት ቶክዮ ውስጥ ይገኛል።

ሁለት ወር ዝምታ

ከዒድ በኋላ እህቴ ከደሴ መጣች። ሻይ ቀርቦላት ሳትጠጣ አጎንብሳ ተቀመጠች። «ልጁ ሥራ ልልቀቅ ብሎኛል» አለች። «ቃልህ ልክ ነው፣ ወንድሜ። ግን የቤት ኪራይ ጆሮ የለውም።»

ለካ በየወሩ ኪራይዋን የሚከፍለው እሱ ኖሯል። አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። ልጁ የቋንቋ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ የጃፓን ሕግ ደግሞ ለውጭ አገር ተማሪ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቅድም። በዚያች 28 ሰዓት የራሱንም የእናቱንም ኑሮ ይዟል። እሱን ግን «ውጣ» ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በዚያው ማታ ከዒሻ በኋላ ደወልኩለት። እሱ ዘንድ ሊነጋ ነው። «ልጄ፣ ያን ቀን ቸኩያለሁ። አሁን ቁጭ ብያለሁ። ከገባህበት ሰዓት እስክትወጣ ድረስ የምትሠራውን አንድ በአንድ ንገረኝ» አልኩት።

ነገረኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ፣ አብሳዩን ፊት ለፊት እያየ ይበላል። በሩ ላይ ያለው ማሽን ገንዘብ ተቀብሎ ትኬት ይቆርጣል፤ ደንበኛው ትኬቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። ኑድሉን ድምፅ እያሰሙ መሳብ በነሱ ዘንድ ነውር አይደለም። በልቶ የጨረሰ ውጭ የተሰለፈውን አስቦ ቶሎ ይነሳል። ጉርሻ ገንዘብ የሚባል የለም። እሱ የተቀጠረው ሳህን ሊያጥብ ነበር። ከወራት በኋላ ኑድል ማጥለል ሰጡት፤ ቀጥሎ ሾርባ ማማሰል። አጥንቱ ከግማሽ ቀን በላይ ይፈላል፤ ሽታው ከልብስ አይለቅም። ለሰላት የሚሆን ንጹሕ ልብስ በተለየ ከረጢት ይዞ ይሄዳል፤ የሚሰግደው በደረጃው ማረፊያ ላይ ነው።

«ባለቤቱስ ያውቃል?»

«በረመዷን ቅመስ ሲለኝ ጾመኛ ነኝ አልኩት። ‹ውሃም?› አለኝ። ውሃም አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቅመስ ብሎኝ አያውቅም።»

ፉቀሃዎቻችን ለአብሳይ ሰው ችግር ካለ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ መትፋትን እንደፈቀዱ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ያ ሐላል ለሆነ ድስት ነው። የዚህ ድስት ጉዳይ ከጾምም በፊት የሚመጣ ነው።

«ልቤ ከመጀመሪያውም አልወደደውም» አለኝ። «መውጣትም እፈልጋለሁ። ሙያውን ግን ወድጄዋለሁ። ይህን ምግብ ሐላል አድርገው የሚሠሩ አሉ ይባላል፤ ፈልጌ ላግኛቸው።»

ከቤት ወደ ቤት

እኔ ወሎ ውስጥ በደረሳነት የቀራሁ ሰው ነኝ። በኛ ጊዜ ደረሳ በአንድ ሼህ ብቻ አይወሰንም። ፊቅሁን ከአንዱ፣ ነህዉን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ለመቅራት ስንቁን አንግቶ ከሐሪማ ሐሪማ ይዞራል። የእህቴ ልጅም በእረፍቱ ቀን ደብተር ይዞ ከራመን ቤት ወደ ራመን ቤት ሲዞር ያን ዘመን አስታወሰኝ። እየሠራ መማሩ፣ እየተማረ መጠየቁ ያው ነው።

ከሁሉ የማረከኝ «ኖረን» የሚሉት ነገር ነው። በሩ ላይ የሚንጠለጠል አጭር ጨርቅ ነው፤ ቤቱ ሲከፈት ይሰቀላል፣ ሲዘጋ ይወርዳል። አንድ ባለሙያ ዘንድ ዓመታት የሠራ ተማሪ፣ ጌታው ሲፈቅድለት በዚያው ስም የራሱን ቤት ይከፍታል። ይህን «ኖረን ማካፈል» ይሉታል። ሲነግረኝ «ኢጃዛ ነዋ!» አልኩት። ኢኬቡኩሮ በተባለ ሰፈር ካዙኦ ያማጊሺ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ታይሾከን የተባለውን ቤቱን ከፍቶ ነበር። ኑድሉን ለብቻ፣ ሾርባውን ለብቻ አቅርቦ እየነከሩ የሚበላውን «ትሱኬመን» በማስተዋወቅ ስሙ የሚነሳ ነው። ሊማር ለመጣ አሠራሩን አልደበቀም፤ ከእጁ ወጥተው የሱን ስም የሰቀሉ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሞት ብዙ ተማሪዎቹ አለቀሱለት። ዒልሙን ያልደበቀ ሰው በየትም አገር ይከበራል።

ሱጋሞ ሰፈርም ሄዷል። እዚያ የነበረችው ትሱታ የተባለች ትንሽ ቤት በ2016ቱ የሚሽሊን የቶክዮ መጽሐፍ ኮከብ በማግኘት ከዓለም ራመን ቤቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። የሠራተኛ ምግብ እዚያ ደረጃ ደረሰ። ልጁ ግን ከውጭ ቆሞ ተመለሰ። የሚፈልገው ኮከብ ሳይሆን የሾርባውን ምንጭ ነበር።

በደብተሩ የጻፈውን ሳነበው ሐራምና ሐላልን ለማወቅ ማድ ቤቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ገባኝ። የሚሶ ራመን የአትክልት ይመስላል፤ ላዩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይንሳፈፋል። የዶሮ ሾርባ የሚሸጥ ቤት ዶሮው በቢስሚላህ ያልታረደ ከመሆኑም ሌላ፣ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ይደረድርበታል። የዓሣ ሾርባ ከደረቀ ሰርዲን ተሠርቶ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ታሬው ውስጥ ግን «ሚሪን» የሚሉት ከሩዝ የሚጠመቅ ጣፋጭ መጠጥ አለ፤ አልኮሉ ትንሽ የሚባል አይደለም። ኑድሉ ራሱ እንዳይበላሽ አልኮል የሚጨመርበት ጊዜ አለ። አምስቱም ነገር ጥያቄ አለበት። ትኬቱን የሚቆርጠው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ አይጠየቅም።

«ሥጋ የለበትም»

አንድ ማታ ዝናብ እየዘነበ አንድ ቤት ገባ። ከዓሣ ሾርባ በቀር አይሠሩም ተብሎለታል። በጃፓንኛ በቃሉ የያዘውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ?» የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ ማለት ነው። አብሳዩ በትሕትና «የለበትም» አለው። ቢስሚላህ ብሎ በላ። ሊወጣ ሲል አብሳዩ ከቆርቆሮ ነጭ ቅባት በማንኪያ ወደ ሌላ ሳህን ሲጨምር አየ። «ምንድን ነው?» አለው። የአሳማ ስብ ነበር።

ሰውዬው አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ ሥጋ ነው፤ የመለሰውም ስለ ሥጋ ነው። ስብና አጥንት በእሱ ቋንቋ ሥጋ አይባልም።

ልጁ ከመንገድ ላይ እያለቀሰ ደወለልኝ። ሌሊት 5 ሰዓት ነው እሱ ዘንድ። ሳያውቅ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም፣ አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ጌታህን ማረኝ በለው አልኩት። ከዚያ ግን ለራሴ አሰብኩ። እሱ ቢያንስ ጠይቋል፤ ጥያቄው ጎደለ እንጂ። እኔ በዚያ በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሁት ምን ነበር?

ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን አሰፋው። በጃፓንኛ በካርድ አጻፈው፦ የአሳማ ሥጋ፣ አጥንት፣ ስብ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ሚሪን፤ ድስቱና ማጥለያው ለብቻ ነው ወይ? ካርዱን ሲሰጣቸው አብሳዮቹ አይቆጡም አለኝ። ቆመው ያነቡታል፤ የማያውቁትን ወደ ጓዳ ገብተው ከጆንያው ላይ አንብበው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ «ይቅርታ፣ ለአንተ የሚሆን የለንም» ይሉታል። እሱም አመስግኖ ይወጣል።

ኪራዩን ማን ይክፈል?

በመጨረሻ አገኘ። አሳኩሳ ውስጥ፣ ያ የ1910ሩ ቤት በተከፈተበት ሰፈር፣ ናሪታያ የተባለ ሐላል ራመን ቤት አለ። ኦካቺማቺ አካባቢ፣ ከአስ ሰላም መስጊድ ብዙ ሳይርቅ፣ በዶሮ ሾርባ የታወቀ አያም ያ የተባለ ሌላ ቤት አለ። እዚያ እዚያ እየበላ፣ እየጠየቀ፣ ከቆየ በኋላ በሌላ ስሙን በማልጠራው ሐላል ቤት ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማ። ነገር ግን ቤቱ ሩቅ ነው፤ ባቡር ይቀየራል፤ የሚሰጡትም ሰዓት ከ28ቱ ግማሽ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኔ ፈተና የመጣው። «ተው» ማለት ቀላል ነው። ተው ያልነው ሰው ሲተው የሚፈጠረውን ቀዳዳ ማን ይደፍናል? ወንድሞቼን ሰበሰብኩና የእህታችንን ኪራይ ለሦስት ተካፈልነው። ከኢማም ደመወዝ ላይ ያች ድርሻ እንዴት እንደምትወጣ የቤቴ ሰው ታውቃለች። ሰባት ወር ከፈልን፤ ልጁ ሰዓቱ ሞልቶለት «አሁን ይበቃል» እስኪለን ድረስ። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የተማርኩትን በኪታብ ላይ ቀርቼዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ከኪሴ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

የቀድሞ ባለቤቱንም በመልካም ነው የተለየው። ዛሬውኑ ውጣ ያልኩትን ትቶ፣ ሰው እስኪያገኝ አንድ ወር ቆየለት፤ በዚያ ወር ከድስቱ ርቆ ሳህን ማጠብ ላይ እንዲያቆየው ለምኖ ተፈቅዶለታል። ውል ውል ነው። የመጨረሻው ቀን ባለቤቱ፣ «ብዙዎቹ ነገ ሳይመጡ ሲቀሩ ነው መልቀቃቸውን የማውቀው፤ አንተ ነግረኸኛል» አለው። ለኛ ሃይማኖት ከዚህ በላይ ምስክርነት ያን ማታ አልፈለግሁም።

የዘንድሮው ረመዷን

ዛሬ የሚሠራበት ድስት የዶሮ አጥንት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ነው። ዶሮው የሐላል ነው፤ ጣፋጩ በሚሪን ፈንታ ስኳር ነው፤ ኑድሉ አልኮል የለበትም። ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጡ እንግዶች ይበዛሉ። ከባንኮኒው የሚቀመጡ ጃፓናውያንም አሉ፤ ሐላል የሚለውን ቃል ሳያውቁ፣ ሾርባው ጣፍጧቸው የሚመጡ። መግሪብ ሲደርስ ባለቤቱ ራሱ ተምር በሳህን ያዞራል።

በእረፍቱ ቀን ወደ ቶክዮ ጃሚ መስጊድ ይሄዳል። የመጀመሪያው መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው ከሩሲያ በተሰደዱ ታታር ሙስሊሞች ነው። ፈርሶ ዛሬ ያለው በቱርኮች እጅ ተሠርቶ በ2000 ተከፍቷል። በረመዷን ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ አብሮ ያፈጥርበታል። የአገር ናፍቆት ሲብስበት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው ወደሚኖሩበት ካትሱሺካ ወረዳ ይሻገራል።

ልጅ በውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ወር ስትደውሉ «ጾምክ ወይ? ሰገድክ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። ምን እንደሚሠራ፣ ምን ሰዓት እንደሚገባ፣ የት እንደሚሰግድ፣ በምን እንዳፈጠረ ጠይቁት፤ እስኪጨርስ ስሙት። ከሐራም ልታወጡት ከፈለጋችሁ መውጫውን አብራችሁ ፈልጉለት፤ ወጪ ካለው ተካፈሉት። በየከተማው መስጊድና ዓሊም አለ፤ ከሩቅ ሆነን ከምንፈርድ እዚያ ያለውን የሚያውቅ ዓሊም ዘንድ እንላከው።

ትናንት እንደተለመደው ከዝሁር በፊት ደወለ። «አጎቴ፣ አፈጠርኩ።»

«በምን?»

«በተምር፣ ቀጥሎ በሾርባ።»

«ሾርባው ከምን ተሠራ?» አልኩት፤ ይህ አሁን የሁለታችን ጨዋታ ሆኗል። አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ፤ እስከ ጨዉ ድረስ። ከዚያ፣ «የናንተስ የዛሬ ማታው ከምንድን ነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ከሰላት ስመለስ ወደ ማድ ቤት ብቅ ብዬ ባለቤቴን፣ «ሾርባው ከምን ይሠራል?» አልኳት።

ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። «ሠላሳ ዓመት ስትጠጣው ኖረህ ዛሬ ገና ነው የጠየቅከኝ?» አለችኝ።